«ንቃተ ኅሊና» እና «ነፍስ ማወቅ»፦ ስለ ሁለት ስያሜዎች ታሪክ

የሕንድን የአድቫይታ ፍልስፍና ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ በሁለት ቃላት ላይ ይቸገራል። አንደኛው የትምህርቱ መጠሪያ ነው። አድቫይታ በሳንስክሪት «ሁለት ያይደለ» ማለት ሲሆን፣ ዐዋቂውና የሚታወቀው በመሠረቱ እንደማይለያዩ ያስተምራል። «ተዋሕዶ» ቢሉት፣ ቃሉ በነገረ ክርስቶስ የሁለት ባሕርያትን መዋሐድ ስለሚያመለክት፣ አስቀድሞ ሁለት ነበር ያሰኛል። «አንድነት»ም ያልተባለውን ይጨምራል። ከግእዙ «ምንታዌ» (ሁለትነት) ተነሥቶ «አልቦ ምንታዌ» ማለት ይሻላል፤ አሉታውን እንዳለ ይጠብቃልና።

የሚከብደው ሁለተኛው፣ «ንቃተ ኅሊና» ነው። ኅሊና «ኀለየ» (ዐሰበ) ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በአማርኛ «የኅሊና ወቀሳ» እንደምንለው ወደ ግብረ ገብ ዳኝነት አዘነበለ። ስለዚህ ንቃት የሚል ድጋፍ አስፈለገው። ንቃትን ደግሞ የ1966ቱ አብዮት ወሰደው። «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» በተባለበት ዘመን ከ«ነቃ» ይልቅ «አነቃ» ገነነ፤ አንቂ አለ፣ የሚነቃ አለ። ንቃተ ኅሊናም ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ እየተባለ የሚመዘን፣ ከውጭ የሚሰጥ ነገር ሆነ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ፣ ያን ጊዜ በግእዝ ፊደል ይጻፍ የነበረው የወላይታ ቋንቋ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ባለችው በሁምቦ ወረዳ የሚኖር ገበሬ ከዘመቻው በፊትም «ዎዛና» የሚል ቃል ነበረው፤ ልብ ማለት ነው፣ የሚመታውም የሚያስበውም። «ሼምፖ» የሚለውም ነፍስና ሕይወት ሲሆን፣ የእኛ «ነፍስ» ከ«ተነፈሰ» ጋር እንደሚዛመድ ሁሉ ከትንፋሽ ጋር ይዛመዳል። እንዲህ ያለውን ተናጋሪ «ንቃት የለህም» ማለት በቀጥታ ሲፈታ «ተኝተሃል» ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቺው ቀጥሎ «የንቀት» የሚል ምልክት ሊያኖርለት ይገባል።

የዕለት ተዕለቱ አማርኛ ግን ሌላ መንገድ ያውቃል። «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ» እንላለን። ሰዋስዉ ነፍስን ተሳቢ ያደርጋታል፤ ትርጉሙ ግን የምታውቀውም የምትታወቀውም አንዲት መሆኗን ያሳያል። «ራሱን ሳተ» ስንልም የሳተውና የተሳተው አንድ ሰው ነው። «ልብ አለ» በሚለውም ልብ ባለቤት ነው ወይስ ተሳቢ? ለመለየት አይመችም፤ ተናጋሪም ቸግሮት አያውቅም። አድቫይታ በብዙ ሙግት የሚደርስበትን ነገር ገበያተኛው ሳያስበው ይናገረዋል። በእርግጥ ፈሊጥ ፍልስፍና አይደለም፤ ነገር ግን ተርጓሚ የሚያርፍበት መሬት ይሆነዋል።

በሥነ ልቡና ጽሑፍ «ንቃተ ኅሊና» ይቆይ፤ ተለምዷል። ለአድቫይታ ጽሑፎች ግን «ማወቅ» የሚለውን ያለ ቅጽል ማኖር ይበጃል። «ነፍስ» ከሥጋ የምትለየዋን ስለምታስታውስ ያሳስታል፤ «ዕውቀት»ም ተምረው የሚያገኙትን ይመስላል። በወላይታ ቋንቋ ለሚዘጋጀው አቻ ዓምድ ከአማርኛው መገልበጥ አይገባም፤ ከ«ዎዛና» ተነሥቶ የሁምቦንና የሶዶን አዛውንት መጠየቅ ይቀድማል።