የምርምርና ልማት ወጪ እና የሠራተኛ ምርታማነት፦ የጅማ ቡና ተሞክሮ

የሠራተኛ ምርታማነት ማለት አንድ ሠራተኛ በተወሰነ የሥራ ጊዜ የሚያስገኘው የምርት መጠን ነው። በቡና ልማት ሲሰላ፣ ለኩትኳቶ፣ ለአረምና ለለቀማ በዋለ በእያንዳንዱ የሥራ ቀን ስንት ኪሎ ግራም ቡና እንደተገኘ ያሳያል። የምርምር ወጪ ይህን መጠን የሚለውጥበት መንገድ በጅማና በአካባቢው የቡና ወረዳዎች በግልጽ ይታያል።

ከጅማ ከተማ ወጣ ብሎ በመልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ መከሰቱ ተረጋገጠ። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ያልበሰለውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። አርሶ አደሩ ዓመቱን ሙሉ ቢኮተኩትና ቢያርምም፣ ፍሬው ከረገፈ የደከመበት ጉልበት ያለ ምርት ይቀራል።

ፀረ ፈንገስ ኬሚካል መርጨት በየዓመቱ የሚደጋገም ወጪና ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በመሆኑም ተመራማሪዎች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚገኘው የቡና ሀብት በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መርጠዋል። ከገራ 741፣ ከመቱ አካባቢ ደግሞ 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ተገኝተዋል። በሁለቱ የመቱ ዝርያዎች መለያ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን፣ ያመለክታል።

የኩትኳቶና የአረም ሥራ ዛፉ ብዙ ቢያፈራም ባያፈራም ያው ነው። ስለዚህ በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ሲተከል በተመሳሳይ ጉልበት የሚገኘው ምርት ይጨምራል። ለቀማው ግን በእጅ የሚከናወን በመሆኑ ከምርቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ በዚህ ረገድ ያለው ትርፍ ውስን ነው።

የምርምር ውጤት ጊዜ ይፈልጋል። ዝርያው ከተለቀቀ በኋላም ችግኙ ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። የዛሬ በጀት ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ፣ የአንድ ዓመት ምርትን ብቻ አይቶ ወጪውን መመዘን ያሳስታል። የአፍሪካ ኅብረት አባል አገራት ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምርና ልማት እንዲያውሉ ግብ አስቀምጧል።

ሆኖም ወጪው ብቻውን ምርታማነትን አያሳድግም። የተመረጠው ዘር ተባዝቶ ችግኙ ለአጋሮ፣ ለገራና ለሊሙ አርሶ አደር በወቅቱ መድረስ፣ የልማት ሠራተኛውም አተካከሉንና ጉንደላውን ማሳየት ይኖርበታል።