ሰክሮ ሥራ የሚገባው መርማሪ

ዛሬ አርቦዬ ላይ በሬ የተሰረቀበት ገበሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይሰጣል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ሸዋ ውስጥ ግን ሌላም መንገድ ነበር፦ ሌባ ሻይ ይጠራል።

ሌባ ሻይ ማለት ሌባ ፈላጊ ነው። መንግሥት የሚያውቀው፣ አለቃ ያለው ሥራ ነበር። መርማሪው ግን ልጅ ነው። መድኃኒት የገባበት መጠጥ ያጠጡታል፣ ያስጨሱታል። ራሱን ሲስት ወገቡን በመቀነት አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሲሄድ መንደሩ በሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ገብቶ የተጋደመበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል።

ያስቃል፤ የቤቱ ባለቤት እርስዎ ካልሆኑ። ይግባኝ ለማን ይባላል? ልጁ ራሱን አያውቅም፤ አለቃው መድኃኒቱን ያምናል፤ ዳኛው አለቃውን ያምናል። ተጠያቂ የለም።

«የድሮ ሰው ሞኝነት» ብለን አንለፈው። የአሜሪካ ጦርና ሲአይኤ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሩቅ ያለውን ነገር በሐሳባቸው «የሚያዩ» ሰዎችን ለስለላ ቀጥረው ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር አውጥተዋል። በመጨረሻ «ስታርጌት» ተብሎ የተጠራው ይህ ምስጢራዊ ሥራ በ1995 እ.ኤ.አ. ተገምግሞ ለስለላ የሚረባ ነገር ስላልተገኘበት ተዘጋ።

ያዳናቸው ብልጠት አይደለም፤ ዘግይቶም ቢሆን «ውጤቱን አሳዩን» ያለ ሰው መኖሩ ነው።

ዛሬም መቀነቱ ቢቀር ጣት መቀሰሩ አልቀረም። «ሌባው እሱ ነው» የሚል ሲመጣ ሁለት ነገር እንጠይቀው፦ ማስረጃህ የት አለ? ብትሳሳትስ ማን ይከፍላል?