የድሮ ባቡር ጣቢያ መናፈሻ ሲሆን

ከቂርያት ማላኺ–ዮአቭ ጣቢያ ወደ ቤርሼባ የሚሄደው ባቡር፣ ቱርኮች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዘረጉት መስመር ብዙም ሳይርቅ ይጓዛል። ቱርኮች በግብፅ የሰፈረውን የእንግሊዝ ጦር ለመውጋት ወታደርና ስንቅ የሚያደርስ ሐዲድ ያስፈልጋቸው ነበር። ሥራውን የመራው ጀርመናዊው መሐንዲስ ማይስነር ፓሻ ሲሆን፣ ሐዲዱ ቤርሼባ የደረሰው በ1915 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከገዴራ በስተምሥራቅ ያለውን የናሐል ሶሬቅ መገናኛ እንግሊዞች የያዙት በኅዳር ወር 1917 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ደቡብ የሚወስደው ሐዲድ ቀረ፤ እስራኤል እስከ ቤርሼባ ያለውን መስመር በ1956 እንደገና ሠራች።

በቤርሼባ ባቡር በ1927 ቢቋረጥም የቱርኮቹ ጣቢያ ሕንፃና የውሃ ማማው አልፈረሱም። የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይሄድምና ማማው የግድ ነበር። ግቢው ለብዙ ዓመታት ችላ ተብሎ ከቆየ በኋላ ታድሶ ለሕዝብ ተከፈተ። በ2012 መጨረሻ አንድ አሮጌ የእንፋሎት ባቡር ከቱርክ ተገዝቶ እዚያ ቆሟል። የልጅ ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ቦታ ነው።

የኢየሩሳሌሙ ታሪክ ግን ክርክር ነበረበት። ከያፎ ኢየሩሳሌም የሚሄደው ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 26 ቀን 1892 ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡርም ሐዲዱ ይኸው ስፋት ነበረው። ከጎንደር ወይም ከትግራይ የመጣ ሰው የጅቡቲውን ባቡር ላያየው ይችላል፤ «ለገሃር» የሚለውን ስም ግን የማያውቅ ጥቂት ነው። ቃሉም ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው።

የኢየሩሳሌሙ አሮጌ ጣቢያ በ1998 ተዘጋ። በባዶው ሐዲድ ላይ የመኪና መንገድ የመሥራት ዕቅድ ነበር። የሰፈሩ ነዋሪዎች ተቃወሙ፤ ብዙ ደከሙ፤ በመጨረሻም መንገዱ ቀርቶ ፓርክ ሃመሲላ ተሠራ። ሐዲዱ ሳይነቀል በመካከሉ እንጨት ተነጥፎበት የእግር መንገድ ሆነ፤ ብስክሌት በጎኑ ያልፋል። ቦታው ሜዳ ስለሆነ በዱላ የሚሄድ ሰውም አይቸገርም። የጣቢያው ሕንፃ ራሱ በ2013 የመዝናኛ ቦታ ሆኖ ተከፈተ።

በያቭኔ፣ በገዴራ ወይም በቂርያት ማላኺ አሮጌ ሕንፃ እንዲጠበቅ የሚፈልጉ ነዋሪዎች ሁለት የዕብራይስጥ ቃላት ያስፈልጓቸዋል። አንዱ «ሺሙር» ነው፤ ቅርስ መጠበቅ ማለት ነው። የፕላንና የግንባታ ሕግ በ1991 ሲሻሻል፣ በየአካባቢው የሺሙር ኮሚቴ እንዲኖርና የሚጠበቁ ሕንፃዎች ዝርዝር እንዲዘጋጅ አዟል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ለማዘጋጃ ቤቱ (ለዒሪያው) ወይም ለአካባቢው ምክር ቤት የሚቀርብ ነው፦ ሕንፃው ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ሌላ ሕንፃው የማን ንብረት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የባቡር ድርጅቱ ወይም የመንግሥት መሬት ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን አይወስንም። ጣሪያው አስቤስቶስ ከሆነም ማንም ሰው እንዳይነካው፤ ማንሳት ያለበት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው።

ሁለተኛው ቃል «ሂትናግዱት» ነው፤ ተቃውሞ ማለት ነው። አዲስ ፕላን ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ተቃውሞ ለማቅረብ የሚሰጠው ጊዜ በደንቡ 60 ቀን ነው። በቃል አይሆንም፤ ምክንያቱ ተጽፎ፣ እውነትነቱን የሚያረጋግጥ የመሐላ ቃል (ታጽሂር) ተያይዞ መግባት አለበት።