ሳንቲሙ የት ገባ?

ከዓመታት በፊት ለክስ ጉዳይ ሆሳዕና ሰንብቼ ነበር። አንድ ማታ የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆነች ወጣት ካረፍኩበት መጥታ «ጋሼ፣ ጉድለት ተገኘብሽ ብለው ደብዳቤ ጻፉብኝ» አለችኝ። ጉድለቱ ሰባት ብር አይሞላም። ይሁን እንጂ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ በሚቀመጥበት አገር፣ «እጇ አያርፍም» የተባለች ገንዘብ ያዥ ዱራሜም ሺንሺቾም ብትሄድ የሚቀጥራት የለም።

በማግስቱ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ደመርን። ካዝናው ልክ ነው። የተሳሳተው ኮምፒዩተሩ ነበር። (የሕግ ሰው ነኝና፣ ማሽን በሐሰት ይመሰክራል ብዬ አስቤ አላውቅም።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። እኛ አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ሁሉ፣ እሱም አንድ አሥረኛን አይጨርስም። 50 እና 25 ሳንቲም፣ ግማሽና ሩብ ናቸውና፣ በትክክል ይገባሉ፤ 10 እና 15 ሳንቲም ግን በግምት ነው የሚያዙት። እ.ኤ.አ. በ1985 አይ ትሪፕል ኢ 754 በተባለው ደረጃ ሥርዓት የተበጀለት «ፍሎቲንግ ፖይንት»፣ አጭሩ ዓይነት፣ በእኛ አቆጣጠር ሰባት አሃዝ ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ድምሩ 400 ሺ ብር ሲደርስ ቀጥሎ ሊጻፍ የሚችለው ቁጥር ከ3 ሳንቲም በላይ ይርቃል። በዚህ ላይ 35 ብር ከ15 ሳንቲም የብድር ክፍያ ሲጨመር፣ 15ቱ ሳንቲም 15.625 ሆኖ ይመዘገባል። ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ማንም ያልከፈለው 6 ብር ከ25 ሳንቲም በመዝገቡ ላይ ይበቅላል፤ ገንዘብ ያዧም «አምጪ» ትባላለች።

እ.ኤ.አ. በ1991 ሳዑዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የፓትሪዮት መከላከያ ሚሳይል ሳይመታ የቀረው ስከድ 28 የአሜሪካ ወታደሮችን ሲገድል፣ መነሻው ይኸው የአንድ አሥረኛ ጣጣ ነበር። ጊዜን በአሥረኛ ሰከንድ የሚቆጥረው ኮምፒዩተር ከ100 ሰዓት ሥራ በኋላ 0.34 ሰከንድ ያህል ስቶ ነበር።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። በዳታቤዙ የገንዘቡን ዓምድ «ዴሲማል» ወይም «ኑሜሪክ» ማድረግ፣ አለዚያም ሁሉንም በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር መያዝ ነው። «ደብል» የሚባለው ረጅሙ ዓይነት 15 አሃዝ ያህል ስለሚይዝ ስህተቱን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለዝናብ መጠንና ለእንሰት ማሳ ስፋት ፍሎት ይበቃል። ለሰው ገንዘብ ግን አይሆንም።

ባለሙያው ዓምዱን ለመለወጥ ግማሽ ቀን ፈጀበት። የጉድለቱ ደብዳቤ ከልጅቷ ማኅደር የወጣው ግን ከስምንት ወር በኋላ ነው።