ባለቦይ የእንጨት ልባጥ ቀለም ቅብ

ባለቦይ ልባጥ የሚባለው ጣውላዎች ጠርዝ ለጠርዝ ተጋጥመው፣ በየመጋጠሚያቸው ቀጭን ቦይ እየታየ ግድግዳ የሚያለብሱበት ሥራ ነው። የአንዱ ጣውላ ምላስ በጎረቤቱ ጠርዝ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ለጌጥ ብቻ የተተወ አይደለም፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን ለውጡ እምብዛም ነው። ቦዩን በስቱኮ ደፍኖ ግድግዳውን ልሙጥ ማድረግ የሚፈልግ ሰው በጋ ሲመጣ ስንጥቅ ይጠብቀዋል።

በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ፣ በሞያሌ በኩል ባለችው ኦቦ ዝናብ የሚጥለው ቦረናዎች ጋናና ሃጋያ በሚሏቸው ሁለት የዝናብ ወቅቶች ነው፤ በሁለቱ መካከል ፀሐይና ነፋስ እንጨቱን ያደርቁታል። እንዲህ ባለ አገር በደረቁ ወራት ከየቦዩ ጎን ቀለም ያልነካው መስመር ብቅ ይላል፤ ጣውላው ሲጠብ ተደብቆ የነበረው ምላስ ስለሚወጣ ነው። መድኃኒቱ ጣውላው ከመቸንከሩ በፊት ምላሱንም ጀርባውንም መቀባት ነው። ከተቸነከረ በኋላ ምላሱ ጋ የሚደርስ ብሩሽ የለም።

ከድንበሩ ማዶ፣ በኢትዮጵያ በኩል፣ በያቤሎና በአሬሮ ዙሪያ የጥድ ደን አለ። ጥድ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ግሩም እንጨት ነው፤ ዘይቱ ግን በነጭ የውሃ ቀለም ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ነጥብ ያወጣል። ሦስት እጅ ቢደረብበትም አይቆምም፤ ጉጦቹን አስቀድሞ በሼላክ መዝጋት ያስፈልጋል። በኤምዲኤፍ ሰሌዳ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፤ የተፈለፈለው ቦይ ቀለም ይመጥጣል፣ ስለዚህ ከፊቱ ይልቅ ለቦዩ ፕራይመር ይደጋገምለታል።

ቅቡ ከቦይ ይጀምራል። በቀጭን ብሩሽ ቦዩ ከላይ ወደ ታች ይቀባል፤ ሥሩ ላይ የተጠራቀመው ቀለም ሳይደርቅ ይጠረጋል፤ ወዲያው ፊቱ በአጭር ጸጉር ሮለር ይከተላል። ቦዩ ከደረቀ በኋላ ፊቱ ቢቀባ ጠርዙ ላይ ድርብ መስመር ይቀራል። ቆላ ላይ ቀለም ፈጥኖ ስለሚይዝ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ጣውላ ብቻ መያዝ፣ አቧራ የሚያነሳው ነፋስ ሳይጀምር በማለዳ መሥራት ይበጃል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው እጅ መካከል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።

ከምንም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የቆየ የዘይት ቀለም ነው። ዛሬ በኬንያም በኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ግድግዳው ላይ አለ። በደረቁ ሲፋቅ ቦዩ ውስጥ የሚቀረው ትቢያ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ግድግዳው በውሃ እየረጠበ ይፋቃል፣ ቦዩ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ሥራው እስኪያልቅ ልጆች ወደ ክፍሉ አይገቡም።