«ጌታ» እና «ባሪያ» የተባሉት ሲዲ ሮሞች

ያረጀ ዴስክቶፕ ፈትቶ ሁለት ሲዲ ሮም የገጠመ ሰው ጃምፐሯን አይረሳትም። ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ከዕቃው ጀርባ ባሉት ፒኖች ላይ በወረንጦ ትነቀላለች፣ ትሰካለች። አጠገቧ ኤምኤ፣ ኤስኤል፣ ሲኤስ የሚል ታትሟል። አንዱ እያነበበ፣ ሲዲ መጻፍ የሚችለው ሌላው እንዲጽፍ ሁለቱ በአንድ ጠፍጣፋ ገመድ ሲያያዙ፣ በጃምፐሯ አቀማመጥ አንዱ «ማስተር» ሌላው «ስሌቭ» መባል አለበት።

ጣጣው ቃሉ አማርኛ ሲለብስ ነው። «ጌታና ባሪያ»! ቃል በቃል ልክ ነው፤ ልክነቱ ግን እዚያው ያበቃል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም «ባሪያ» ዛሬም ስድብ ሆኖ ሰው ያቆስላል፤ እንደ ብሎን የትም የሚጠብቅ ቃል አይደለም። የእንግሊዝኛው ባለቤቶችም ጎርብጧቸዋል፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ዕቃ አቅራቢዎቹን እንዲተዉት ጠይቆ ነበር።

ይሉኝታው ይቅር ቢባል እንኳ ትርጉሙ ውሸት ነው። ማስተሩ ስሌቩን አያዝም። ትእዛዙ ከማዘርቦርዱ ለሁለቱም ይደርሳል፤ የተጠራው ይመልሳል። ቴክኒካዊ ደረጃው ራሱ «መሣሪያ 0» እና «መሣሪያ 1» ነው የሚላቸው። ስለዚህ «አለቃና ምንዝር»ም አያስኬድም፤ አለቃ ያዝዛላ! «ዋናና ምክትል»? ምክትል ዋናው ሲጎድል ይተካል፤ ስሌቭ ማንንም አይተካም። «ቀዳሚና ተከታይ» አይከፋም፣ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን እንጂ ፊትና ኋላ አይደሉም።

«ታላቅና ታናሽ» ግን ልክክ ይላል። ታላቅ ከላቀ፣ ታናሽ ከአነሰ የመጡ ናቸው፤ የግእዙ «ንኡስ»ም የታናሽ ዘመድ ነው። ታላቅ ወንድም ታናሹን አይገዛም፤ ሁለቱም የእናታቸው ልጆች ናቸው፤ ማዘርቦርድ ውስጥም እናት አለች። የምርመራ ትእዛዝ ሲመጣ ታናሹ ደህንነቱን ለታላቁ ያመለክታል፣ ታላቁም የሁለቱን ውጤት ያቀርባል። ከአንድ ገበታ ስለሚበሉ ተራ ይጠባበቃሉ፤ በአንድ ገመድ ከሲዲ ወደ ሲዲ መገልበጥ የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው።

ሲኤስ (ኬብል ሴሌክት) «የገመድ ምርጫ» ሲባል መርካቶ ወርዶ ገመድ የሚያማርጥ ሰው ይታያል። መራጩ ግን ገመዱ ነው፦ በባለ 80 ሽቦው፣ ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር መሰኪያ ታላቁን፣ መኻል ያለው ግራጫው ታናሹን ይለያል። «በገመድ» ቢባል ይበቃል።

ሳታ የተባለው አዲሱ ማገናኛ መጥቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ገመድ ሲሰጥ ጃምፐሯ ተሰናበተች፤ ቃሉ ግን ከመኪና ፍሪሲዮን ሲሊንደር እስከ ዳታቤዝ አሁንም አለ። ዳታቤዝ ላይ አንዱ የሌላው ቅጂ ስለሆነ ወንድማማችነቱ አይሠራም፤ እዚያ «ዋናና ግልባጭ» ይሻላል። የጥገና መማሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ግን ከሦስቱ ምልክቶች ትይዩ «ታላቅ፣ ታናሽ፣ በገመድ» ብሎ ይጻፍ።