እንሰት ሙዝ ነውን?

የሙዝ ቤተሰብ ትንሽ ነው፤ ያለው ሦስት ወገን ብቻ ነው። ሙዝ፣ እንሰት፣ ከዚያም በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሚበቅለው ባለቢጫ አበባ ድንክ ተክል። እንሰት በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ በዱር ይገኛል፤ አልምቶ የዘወትር ምግቡ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ነው።

በጉራጌ አገር፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዙሪያ፣ ፊቱን ወደ ጀፎረ፣ ማለትም ወደ መንደሩ ሰፊ ጎዳና፣ ያዞረ ቤት ጓሮው እንሰት ነው። ተክሉ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል። አበባው ከአናቱ ወጥቶ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ በግንዱና ከመሬት ሥር ባለው አሚቾው የተከማቸውን ምግብ የሚጨርሰውም እሱ ነው። ስለዚህ አበባው ብቅ ሲል፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ፣ ይነቀላል። ሴቶች ፍቀው፣ በጉድጓድ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል፤ ቡላውና ቃጫውም ከዚያው ይወጣል። ችግኙ ከፍሬ አይጠበቅም፤ አሚቾው እምብርቱ ወጥቶ ሲቀበር ዙሪያውን ያቆጠቁጣል።

እንሰት ሙዝ ነው፣ አይደለም የሚለውን ሙግት ያስነሳው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 እና 1771 ጎንደር ከርሞ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንሰትን ከነሥዕሉ አወጣው። ሥዕሉን ካዩት አንዳንዶቹ ይህማ ሙዝ ነው አሉት። ብሩስ አልተቀበለም፤ የሙዝ የሚበላው ፍሬው ነው፣ የእንሰት ፍሬ ግን ለምግብ አይሆንም ሲል ተከራከረ። ብሩስ ማጋነን የሚወድ ሰው ነበር፤ እንሰትን ከጥንት ግብፅ ቅርጾች ጋር ሊያዛምድ መሞከሩ አንዱ ማሳያ ነው። በዚህኛው ክርክር ግን የተናገረው ማንኛዋም የጉራጌ እናት የምትለውን ነው።

ሊቃውንቱ አልሰሙትም። ጀርመናዊው ግሜሊን በዓመቱ፣ በ1791፣ ተክሉን ሙዝ ብሎ መዘገበው። ቬልቪች በ1859 የአንጎላውን እንሰት ከዚያው ወገን ጨመረው። እንሰት ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የጸናው ቺስማን በ1947 ከለየው በኋላ ነው። እንሰት እንደ ሙዝ ከሥሩ በራሱ አያቆጠቁጥም፤ ክሮሞሶሙ 18 ሲሆን የአብዛኛው የዱር ሙዝ 20 ወይም 22 ነው። ብሩስ ይህን የማየት ዕድል ባይኖረውም ረቷል።



የእንሰትና የሙዝ ዝምድና ዛሬ የሚታወቀው በበሽታ ነው። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 በኢትዮጵያ እንሰት ላይ የለዩት አጠውላጊ ባክቴሪያ ሙዝንም ያጠቃል፤ በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ታየ። መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ የነካውንም ቢላዋ በእሳት መለብለብ ነው።